አሥር ሺህ ዓመት የት ገባ?

ትልቅ ቁጥር ሰውን ዝም ያሰኛል። «ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት» የሚል ቃል በስክሪኑ ላይ ሲመጣ፣ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን እንደያዘ ትንሽ ይፈዛል፤ «ይሄ ዓለም እንዴት ጥልቅ ነው!» ይላል፤ ከዚያም ሰይፉን መዝዞ ጉዞውን ይቀጥላል። የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በዚህ ጽሑፍ ልጠይቃችሁ የምፈልገው ጥያቄ ጌም መጫወት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የተለመደው አይደለም። እርሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ አሥር ሺህ ዓመት የት ገባ?

የምናገረው ስለ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ነው፤ በተለይም ኒንቴንዶ በ2017 ስላወጣው «ብሬስ ኦፍ ዘ ዋይልድ» እና በ2023 ስለተከተለው «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም»። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛውን ጌም ገና ያልጨረሰ ካለ ደግሞ መጨረሻው እዚህ ይነገራልና አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ።

ላልተጫወታችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሃይሩል የሚባል መንግሥት አለ። ጋኖን የሚባል ክፉ ኃይል በየዘመኑ ይነሣበታል፤ ሊንክ የሚባል ወጣት ሰይፈኛና ዜልዳ የምትባል ልዕልት ደግሞ በየዘመኑ ይመክቱታል። በ«ብሬስ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሊንክ ከመቶ ዓመት እንቅልፍ ይነቃል፤ የሆነውን ሁሉ ረስቷል። ካካሪኮ በምትባል መንደር የምትኖር ኢምፓ የተባለች አሮጊት ታሪኩን ትነግረዋለች። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ሺካ የሚባሉ ጥበበኛ ሕዝቦች በአውሬ መልክ አራት ግዙፍ መሣሪያዎችን፣ እንዲሁም በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ጠባቂዎችን ሠሩ፤ በእነርሱም እርዳታ የዚያ ዘመን ጀግናና ልዕልት ጋኖንን አሰሩት። ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ ጋኖን ሊመለስ ነው የሚል ትንቢት ተሰማ፤ መሣሪያዎቹ ተቆፍረው ወጡ፤ ጋኖን ግን ነጥቆ በባለቤቶቹ ላይ አዞራቸው። መንግሥቱም ፈረሰ።

እንግዲህ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉን፤ መቶ እና አሥር ሺህ። ሁለቱን ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው።

መቶው ይከብዳል። ኢምፓ ሊንክን የምታውቀው ወጣት ሳለች ነው፤ እርሱ እንደተኛበት ወጣት ሆኖ ሲመጣ እርሷ ግን ጎብጣና ፊቷ ተጨማዶ ትቀበለዋለች። ዞራ የሚባሉት የውኃ ሕዝቦች ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ መቶውን ዓመት በሕይወት አልፈውታል። ልዕልታቸው ሚፋ በዚያ ጥፋት ሞታለች፤ ሐውልቷ በከተማቸው መካከል ቆሟል፤ ሙዙ የሚባል ሽማግሌ በሊንክ ላይ የያዘው ቂም ዛሬም ትኩስ ነው። ሜዳው ላይ ጣራ የሌላቸው ቤቶች፣ ሣር የበላቸው መንገዶች፣ የዛጉ ሰይፎች፣ ሽበት የለበሱ የጦር መሣሪያ ሬሳዎች ተበትነዋል። ማንም ቁጥሩን ባይነግራችሁ እንኳ በእግራችሁ እየሄዳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አሥር ሺሁስ? ያኔም ሃይሩል ነበረ፣ አሁንም ሃይሩል ነው። ያኔም ንጉሥና ልዕልት፣ አሁንም ንጉሥና ልዕልት። ያኔም ሰይፍ፣ አሁንም ሰይፍ። በመካከል ስንት ነገሥታት ተፈራረቁ? የትኛው ሕዝብ ከየት ተነሥቶ የት ሰፈረ? ምን ዓይነት ረኃብ ገባ? የትኛው ቋንቋ ሞተ? ከአንድ ክስተት በቀር፣ እርሱም ወደ ኋላ የምመለስበት ነው፣ ጌሙ የሚነግረን የለም።

ቀላል ፈተና ልስጣችሁ፤ ዜሮ ቀንሱ። አሥር ሺሁን አንድ ሺህ አድርጉት፤ ከፈለጋችሁም አምስት መቶ አድርጉት። በጌሙ ውስጥ ምን ተለወጠ? አንዲት ዛፍ አልተነቃነቀችም። አሁን ደግሞ ከመቶው ላይ ዜሮ ቀንሱ። አሥር ዓመት ሲሆን ኢምፓ ገና ወጣት ናት፤ ፍርስራሹም ሣር አላበቀለም። በመቶው ላይ ዜሮ ብትጨምሩስ? ኢምፓ የለችም፤ ሚፋን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም፤ ሊንክን የሚያውቀው የለም፤ ታሪኩ በሙሉ ይፈርሳል። መቶው ምሰሶ ነው፤ ቢነካ ቤቱ ይወድቃል። አሥር ሺሁ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ ነው።

«ታዲያ አሥር ሺህ ዓመት ምን መምሰል ነበረበት?» ትሉኝ ይሆናል። በምናውቀው ለካው። የጊዛው ታላቁ ፒራሚድ ከተሠራ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በእርሱና በእኛ መካከል ያለው ርቀት የሃይሩልን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ግን የፈርዖኖቹ መንግሥት ጠፍቷል፣ ቋንቋቸው ከአፍ ወጥቷል፣ ጽሑፋቸውን የሚያነብ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ታጥቶ ነበር። ወደ ቤታችን እንምጣ። ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ድንጋይ ላይ በግዕዝና በግሪክ ያስቀረጸው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የሄደው 1,700 ዓመት አይሞላም፤ የሃይሩል አንድ ስድስተኛ ነው። በዚህ «አጭር» ጊዜ ውስጥ ግዕዝ እናት ለልጇ የምታወራበት ቋንቋ መሆኑ ቀርቷል፤ ዛሬ ድንጋዩ ፊት ቆሞ የሚያነበው የተማረ ሰው ነው። ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። የነካውን እንደነበረ አይተወውም።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የሺካ ጥበብ የቆመው ንጉሡ ስለፈራው ነው፤ ሕዝቡም መሣሪያውን ጠልቶ እንዲቀበር አደረገ፤ ስለዚህ ምንም አለመለወጡ ምክንያት አለው።» ይህ ነው ቅድም የጠቀስኩት ክስተት፤ እውነትም በጌሙ ውስጥ አለ፤ ከተገፉት ሺካዎች ከፊሉ ቂም ይዘው ለጋኖን እንደተገዙም ይነገራል። መልካም ታሪክ ነው። ግን የንጉሥ ዐዋጅ ስንት ዘመን ይጸናል? ልጁ ያጸናዋል፣ የልጅ ልጁ ያላላዋል፣ አራተኛው ትውልድ የወጣበትን ምክንያት ይረሳዋል። አሥር ሺህ ዓመት ማለት፣ ለአንድ ትውልድ ሃያ አምስት ዓመት ብንሰጥ፣ አራት መቶ ትውልድ ነው። ከአራት መቶ ትውልድ ውስጥ አንድ የማወቅ ጉጉት ያደረበት ልጅ አካፋ ይዞ አልወጣም ወይ? ፍርሃት የሁለት መቶ ዓመት ዝምታን ያስረዳ ይሆናል። አሥር ሺህን ግን አይሸከምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ብርቱ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። «ስሙ ራሱ ሌጀንድ ነው፤ አፈ ታሪክ ነው። አፈ ታሪክን በካላንደር አትለካውም። በጃፓንኛም አሥር ሺህ የሚለው ቃል ስፍር ቁጥር የሌለውን ያመለክታል።» ይህ እውነት ነው። ጃፓኖች የሚያሰሙት «ባንዛይ» የሚል ጩኸት በቀጥታ ሲፈታ «አሥር ሺህ ዓመት» ማለት ነው፤ ማንም ግን ቁጭ ብሎ አይቆጥረውም። እኛም እኮ «እልፍ» አለን። እልፍ በቁጥር አሥር ሺህ ነው፤ «እልፍ አእላፍ» ስንል ግን መቁጠር አቁመናል። እንግዲያው ያንን አሥር ሺህ «እልፍ» ብላችሁ አንብቡት ብባል እስማማለሁ፤ ክርክሬም ግማሹ እዚህ ላይ ይበርዳል።

ግማሹ ግን ይቀራል። አያቶቻችን ተረት ሲጀምሩ «ከዕለታት አንድ ቀን» ነው የሚሉት። ያ አነጋገር ታማኝ ነው፤ ያልያዘውን ቁጥር አልያዝኩም ይላል። ተራኪ «መቶ ዓመት» ብሎ በትክክል ቆጥሮ፣ በዚያው አፍ «አሥር ሺህ» ሲል ሁለቱንም እንድናምነው ይጠይቀናል። አንዱን እንደ ቁጥር፣ ሌላውን እንደ ዘይቤ ውሰዱልኝ ካለ ምልክቱን ሊያሳየን ይገባል። በዚያ ላይ አፈ ታሪክ ነው ብሎ ያልተወው ኩባንያው ራሱ ነው። ተከታታዩ የተጀመረበትን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2011 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ «ሃይሩል ሂስቶሪያ» የሚባል መጽሐፍ ወጣ፤ ጌሞቹ ሁሉ በዘመን ቅደም ተከተል ተሰደሩ። በዚያ አቀማመጥ ታሪኩ ከ1998ቱ «ኦካሪና ኦፍ ታይም» በኋላ በሦስት ይከፈላል፦ ጀግናው የተሸነፈበት፣ ወደ ልጅነቱ የተመለሰበት፣ በትልቅነቱ ጥሎት የሄደው። የዘመን ሰንጠረዥ አትሞ የሸጠ ሰው «አትቁጠሩ፣ ተረት ነው» ሊለን አይችልም።

አሁን ጥያቄዬን ልመልስ። «ብሬስ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ከሦስቱ ቅርንጫፎች ከየትኛው ይቀጥላል? በ2018 የኒንቴንዶ የጃፓን ድረ ገጽ ጌሙን ከሁሉም በኋላ አስቀመጠው፤ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚወርድ ግን አላሳየም። በጌሙ ውስጥም ከሦስቱም ቅርንጫፎች የተውጣጡ የቦታና የሰው ስሞች ተደባልቀው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ እንዴት ታረቀ? ሳይታረቅ። በመካከላቸው የማይታይ ርቀት ተዘርግቶ፣ «በጣም ሩቅ ነው፣ እስከዚያ ምን ያልሆነ አለ?» ተባለና አለፈ። አሥር ሺሁ ዓመት የገባው እዚህ ነው። የማይገጣጠመውን ሁሉ የሚጥሉበት ጉድጓድ ሆኗል። የሠሪዎቹን ልብ አላነብም፤ የቁጥሩን ሥራ ግን አያለሁ። ጥንትን እንድናስታውስ የተሰጠን ቁጥር፣ ጥያቄ እንድንረሳ ያገለግላል።

«ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ጉድጓዱን አሰፋው። ዜልዳ ከዚያም ወደ ራቀ ጥንት፣ ወደ መንግሥቱ መሥራቾች ወደ ራውሩና ሶኒያ ዘመን ትወሰዳለች። በዚያ ጋኖንዶርፍ ታማኝ መስሎ ለንጉሡ ይንበረከካል፤ በኋላ ይከዳል። «ኦካሪና ኦፍ ታይም»ን የተጫወተ ሰው ይህን ትዕይንት አይቶታል፤ ያኔም ጋኖንዶርፍ ለሃይሩል ንጉሥ ተንበርክኮ ነበር፤ ራውሩ የሚል ስም ያለው ጠቢብም ነበር። ታዲያ መንግሥቱ ሁለት ጊዜ ተመሠረተ? ወይስ የድሮው ተሰረዘ? ቁርጥ ያለ መልስ አልተሰጠም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቅርቡ ነው። ሁለተኛው ጌም የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ሆኖም አሥር ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ ተቀብረው ያልጠፉት አራቱ ግዙፍ አውሬዎች የሉም። ጠባቂዎቹም ከጥቂት ቅሪት በቀር የሉም። አሥር ሺህ ዓመት ያላጠፋቸውን ጥቂት ዓመት አጠፋቸው፤ ከሕዝቡም «የት ሄዱ?» ብሎ የሚጨነቅ አይታይም።

የዜልዳ መሥዋዕትነትም አለ። ወደ ዘመኗ የምትመለስበት መንገድ ስላጣች ወደ ዘንዶነት ትለወጣለች፤ የተሰበረውን ሰይፍ በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ማንነቷን ረስታ፣ ሊንክ እስኪመጣ ድረስ ዘመናትን ሰማይ ላይ ትበራለች። ማን እንደሆነች ሳታውቁ በፊት ስትበር ታዩዋታላችሁ፤ ስታውቁ ቀና ብላችሁ ማየት ይከብዳችኋል። ተከታታዩ ካመጣቸው ምስሎች ሁሉ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። የመሥዋዕቱ ክብደት በሙሉ ያለው በጊዜው ርዝመት ላይ ነው፤ የማይመለስ ነው ተብሎም ተነግሮናል። መጨረሻ ላይ ግን ትመለሳለች፤ ያው ፊት፣ ያው ፀጉር፣ ያው ትዝታ፤ ያ ሁሉ ዘመን እንደ እንቅልፍ አልፎላታል። ደስ ብሎኛል፤ ማን ደስ አይለው? ነገር ግን ኢምፓን መቶ ዓመት አጎበጣት። ዜልዳን ያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሽበት አላስነቀላትም። ዋጋው ተከፍሎ ሳንቲሙ ሳይጎድል ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀርቷል፤ «ጌም እኮ ነው! ምን አስጨነቀህ?» የሚለው። ጌም ጊዜን በሚገባ ሊይዝ እንደሚችል ያው ተከታታይ ራሱ ስላሳየኝ ነው የምጨነቀው። በ2002 የወጣውን «ዘ ዊንድ ዌከር» ውሰዱ። ሃይሩል በባሕር ተውጧል፤ ሰዎች የሚኖሩባቸው ደሴቶች የጥንቱ ተራሮች ጫፎች ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ከእግሩ በታች መንግሥት እንዳለ አያውቅም። በሊንክ ደሴት አንድ ልጅ ለዕድሜው ሲደርስ አረንጓዴ ልብስ ያለብሱታል፤ የጥንቱ ጀግና ይለብሰው ነበርና። ልማዱ ቀርቷል፤ ጀግናው ማን እንደነበረ ግን ደብዝዟል። ቫሉ የሚባለው ዘንዶ ሲናገር ሊንክ አይገባውም፤ የሚናገረው የጥንቱን የሃይሩል ቋንቋ ስለሆነ ነው። ይህ ጌም በቁጥር አያስደነግጠንም። ባሕሩን፣ ልብሱንና ቋንቋውን ግን አሳየን፤ ጥንትም ጥንት ሆኖ ተሰማን።

ከዚህ የምትወስዱት ምንድን ነው? ልብ ወለድ የምትጽፉ ብዙዎች ናችሁ፤ የራሳችሁን ዓለምም ትፈጥራላችሁ። «ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ መልሱ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ተለወጠ? ማን፣ በምን መንገድ አስታወሰው? ምን ተረሳ? ለሦስቱ መልስ ከሌላችሁ ቁጥሩን ፍቁና «ድሮ» በሉ። ድሮ የሚያሳፍር ቃል አይደለም።

የማትጽፉትም ብትሆኑ ጥያቄው አይቀርላችሁም። እኛ «የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ» የሚለውን ሐረግ ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ሐረጉን ልነቅፍ አልተነሣሁም፤ እንድትሞሉት ግን እለምናችኋለሁ። ከሦስቱ ሺህ ውስጥ አንዱን መቶ ዓመት መርጣችሁ ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንዳስታወሰው፣ ምን እንደተረሳ መናገር ትችላላችሁ? ካልቻልን በአፋችን ያለው ታሪክ የሃይሩል ቁጥር ዓይነት ነው፤ ትልቅና ባዶ። ትልቅ ቁጥር ሰምቶ መደነቅና ዝም ማለት በጌም ቢጀመርም በጌም አያበቃም። ነገ አንድ ሰው በአዳራሽ ቆሞ ትልቅ ቁጥር ሲጠራባችሁ «በመካከሉስ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ልብ ያስፈልጋችኋል።

ስለዚህ በኅብረታችሁ ስትሰበሰቡ ይህን ሞክሩ። ስለ አሥር ሺሁ መከራከሩን ለጊዜው ተዉትና መቶውን ያዙ። መቶ ዓመት አንድ አሮጊትና አንድ የልጅ ልጅ ተያይዘው የሚሸፍኑት ርቀት ነው። የብዙዎቻችሁ ኢምፓ ዛሬ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጎብጣለች፣ ጥያቄ የሚጠይቃት ግን የለም። የትኛው ወንዝ ድልድይ አልነበረውም? የትኛው ቃል ከልጅነቷ ወዲህ ጠፋ? በሠርጓ ቀን ምን ተበላ? መልሷን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቀኑንም አትርሱ። ሊንክ ወደ ካካሪኮ ሲደርስ ኢምፓ በሕይወት ነበረችለት። እናንተ ግን መቶ ዓመት የሚጠብቃችሁ የለምና፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ።